ሦስቱ ፓርቲዎች ሲጣሉ ጠረጴዛውን የምወለውለው እኔ ነበርኩ

ባጄን የመለስኩት ሰኞ ቀን ነው። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ሐኪሙ፣ «ሲኞራ፣ ከእንግዲህ ባልዲ እንዳያነሡ» ካለኝ በኋላ። አሥር ዓመት አንገቴ ላይ ሲወዛወዝ የኖረ ካርድ ሲወርድልኝ ቅልል የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አንገቴን ብርድ ገባው እንጂ ምንም አልቀለለኝ። ስወጣ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ፣ በየቀኑ እያየኝ እንዳላየ የሚያሳልፈኝ ሰውዬ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቆመ። እኔ ደግሞ ፖሊስ ብድግ ሲል መሮጥ ነው የለመድኩት። አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር።

«አክብሮት ነው፣ ሲኞራ! አክብሮት ነው!» አለኝ እየሳቀ።

እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ ደፋር ነበረች እንዳትሉኝ።

እዚህ ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለውን መንገድ ስወርድ የአገሬ ሰዎች ይይዙኛል። «አንቺ እኮ ምክር ቤት ነው የምትሠሪው፤ እስቲ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ምን አያለሁ? ጠረጴዛ ነዋ፤ ከላይም ከሥርም። ግን ጠረጴዛ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይምሰላችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ያቃናልኝ። የምጽፈው ነገር ግን አልተንጋደደም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሮም ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ባዳንቴ ሆኜ ነው፤ አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። ልጄ ሜሮን የተወለደችው እዚያው ቤት ሳለሁ ነው። አሮጊቷ ደግ ነበሩ፤ ልጅቷን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው ስም አጠራር ያስተምሯት ነበር። የሜሮን አባት ወደ ሰሜን አገሮች እሄዳለሁ ብሎ ሄደ፣ ሄዶም ቀረ። አሮጊቷ ሲሞቱ ወራሾቹ ቤቱን ዘጉ፤ ስማችንም ከዚያ አድራሻ ተሰረዘ። ያኔ ሜሮን ስድስት ዓመቷ ነበር። ፖንቴ ማሞሎ፣ ከሜትሮው ጀርባ፣ ሰዎች በሳንቃና በቆርቆሮ የሠሯቸው ቤቶች ነበሩ፤ እዚያ ገባን። ቀን ቀን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል አንሶላ እቀይራለሁ። አለቃዬ ሰዓት ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር፤ አንድ ክፍል ሃያ ደቂቃ። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የማፍረሻ ማሽኖች መጥተው ቤቶቹን ሲያፈርሱ ቶር ፒኛታራ ሰፈር አንድ ክፍል አገኘን፣ ከዚያ ወዲያ ነው ኮፐራቲቫ የሚሉት አንድ የጽዳት ማኅበር ቀጥሮ ምክር ቤት የላከኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ብዙም አይሻልም፤ ግን ሰዓት ይዞ በር ላይ የሚቆም አልነበረበትም።

የመጀመሪያው ቀን ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ገባሁ። ሁለት ጊዜ ፈተሹኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ነው ነባሯ የጽዳት ሠራተኛ፣ ሲኞራ አሱንታ፣ የተቀበሉኝ።

አሱንታ ያኔ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አጭር፣ ወገባቸው የጸና፣ ከአብሩዞ ተራራ የመጡ ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «የሚንቀጠቀጥ እጅ አቧራ ያራግፋል እንጂ አያነሣም» አሉኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪቆም ጠበቁ። እስኪቆም! ሥራ አልጀመርንም።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ክፍል ሲከፍቱ ዘለው አይገቡም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ክፍሉን ያዩታል። እኔ ባልዲ ይዤ ከኋላቸው እቁነጠነጣለሁ። «መጀመሪያ ሰላም በዪው፤ ክፍሉም የሚናገረው አለው» ይሉኛል። ጨርቁን አራት አጥፈው፣ ገልብጠው ሲይዙት ስምንት ንጹሕ ፊት ያወጣል፤ አንዱ ፊት አንድ ቦታ ከነካ ሌላ ቦታ አይነካም። ቀዩ ጨርቅ ለሽንት ቤት፣ ሰማያዊው ለጠረጴዛ፤ የቀላቀለ ወዮለት። የድሮ እንጨት ውሃ አይወድም፤ እርጥብ ብቻ፣ እሱም በእንጨቱ መስመር ሄዶ፣ ከኋላው ወዲያው ደረቁ ጨርቅ ይከተላል። ከላይ ወደ ታች፣ ከመስኮት ወደ በር። ሲጨርሱ ባልዲውን ደፍተው ይቀመጡበትና ፖም በቢላዋ እየቆረጡ፣ አንድ ቁራጭ ለራሳቸው፣ አንድ ቁራጭ ለኔ።

አራት ሕግ ነበራቸው። ጠረጴዛ ላይ ያለውን አታንቀሳቅሺ። መሬት የወደቀውን አንሥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊ። ቅርጫት የገባውን አታንብቢ። ሰዎቹን አታናግሪያቸው።

«የጣልያንኛ ማንበቡን እንኳ እምብዛም አልችልበትም» አልኳቸው።

«ይሻላል። ወረቀት ይዋሻል። ወንበር ነው የማይዋሽ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ወንበሩን እንዳዞረው ትቶት ይሄዳል። የማይመለስ ሰው ግን፣ የቱንም ያህል ቢናደድ፣ ወንበሩን አስገብቶ ነው የሚወጣ። እናቱ ያስተማረችው ያኔ ትዝ ይለዋል።»

እውነት ነው፤ በአሥር ዓመት አንድም ቀን አልሳተም።

እንግዲህ ስለ ሦስቱ ፓርቲዎች። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ በራሴ ስም አውጥቼላቸው ነበር። ትልቆቹን «የባንዲራዎቹ» እላቸዋለሁ፤ በየጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ባንዲራ ስለሚያቆሙ። ባንዲራ አቧራ ይወዳል፤ በጸጉር ብሩሽ ነው የሚጸዳ። ሁለተኞቹ «የከረሜላዎቹ» ናቸው፤ መሪያቸው ሽማግሌ ሰው፣ ሲጋራ ሐኪም ስለከለከላቸው ጥቁር መራራ ከረሜላ ሲበሉ ይውላሉ፤ ወረቀቱን እንደ ጀልባ አጥፈው ጠረጴዛ ላይ ያሰልፉታል። ሦስተኞቹ «የተገነጠሉት»፣ ከባንዲራዎቹ የወጡ፤ ጥቂት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን እስከ ምድር ቤት ይሰማል። መሪያቸው ጺሙን በመስመር የሚላጭ ወጣት ነው።

ሦስቱም ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው አንድ አፍ ናቸው፦ ይሂዱልን። የሚጣሉት እርስ በርስ ነው። የባንዲራዎቹ መንግሥት ውስጥ ስለገቡ ለስለስ ብለው መናገር ጀመሩ። የተገነጠሉት «ለዘባችሁ፣ ከዳችሁ» ብለው ይሰድቧቸዋል። የከረሜላዎቹ ደግሞ «እናንተ ሳትወለዱ ይህን የጀመርነው እኛ ነን» ይላሉ። ወደ አውሮፓው ትልቁ ምክር ቤት የላኳቸው ሰዎችም አንድ ወገን መቀመጥ አቅቷቸው በሦስት ቡድን ነው የተበተኑት፤ ሜሮን ነች ከስልኳ ያነበበችልኝ።

«ማማ፣ ሁሉም እኛን ይጠላሉ፤ ታዲያ ምን አጣላቸው?» ትለኛለች።

«ማን አብልጦ ይጥላ ብለው ነዋ» አልኳት። ስቃ ሞተች።

ሳቁ ግን አልቆየም። ሜሮን አሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላት ጊዜ ደረሰ። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ፣ ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ በሕግ ተመዝግቦ ከኖረ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላው ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ ሄዶ «ዜግነቱን እፈልጋለሁ» ብሎ ይፈርማል። አንድ ዓመት ነው ጊዜው። ካለፈ አለፈ። ልክ በዚያው ሰሞን ሦስቱ ፓርቲዎች ጠባቸውን ለጊዜው ትተው፣ ይህን በር ለማጥበብ አንድ ረቂቅ ሕግ በጋራ እናወጣለን ብለው ተስማሙ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተሰጣቸው፤ ረጅም የዋልነት እንጨት ጠረጴዛ፣ አሥራ አራት ወንበር። ክፍሉ የኔ ክፍል ነበር።

አሱንታ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ።

አንድ ጠዋት ብገባ፣ ማታ የቀረ ሰው ቡና ደፍቶ ሄዷል። ቡናው በጠረጴዛው ርዝመት ፈስሶ በስም ካርዶቹ ሥር ገብቷል። ካርዶቹ በየሰዉ ፊት የሚቆሙት የታጠፉ ወረቀቶች ናቸው። ቡና በዋልነት ላይ ካደረ ቀለበት ይሠራል፤ ያ ቀለበት በሎሚም በሰምም አይለቅም። ካርዶቹን አነሣኋቸው። በተራቸው ነበር ያነሣኋቸው፣ እምላለሁ። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን እግር ስወለውል ግን ሁሉም ወለሉ ላይ ተዘረገፉ።

አሱንታ ቢሆኑ ካፖውን፣ የጽዳቱን አለቃ፣ ይጠሩ ነበር። «ተሳስቻለሁ፣ ተራውን ንገሩኝ» ይሉ ነበር። እኔ ፈራሁ። አሁን ብናገር ያባርሩኛል አልኩ። ስሞቹን ፊደል በፊደል አነበብኩ፤ ፊታቸውን ከግድግዳው ፎቶ አውቃለሁ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ግን ጨርሶ ጠፋኝ። አሎራ፣ እንግዲህ ቆም አልኩና፣ ሰው እንዴት ነው የሚቀመጠው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ይሄ ማን ይጠፋዋል! ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ታላቅ ከላይ ነው፤ ታናሽ ወደ በሩ። በየዕድሜያቸው ደረደርኳቸው። ሽማግሌውን የከረሜላ ሰውዬ ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጥኩ። ባለጺሙ ወጣት ከሁሉ ታናሽ ነው፤ እሱን በሩ ጋ። እንዲያውም ደስ አለኝ። አሁን ገና የሰው ቤት መሰለ ብዬ ወጣሁ።

ረፋዱ ላይ ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ወረደ።

ለካ ስለ አቀማመጡ ብቻ ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል! የባንዲራዎቹ ከራስ፣ የተገነጠሉት ከቀኛቸው፣ እንዲህ ተብሎ ተፈርሟል። ወጣቱ ገብቶ ካርዱን ከበሩ አጠገብ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጎን ሲያገኘው፣ «የቅርጫት ጎረቤት አደረጋችሁኝ?» ብሎ ጮኸ። የባንዲራዎቹ «የከረሜላዎቹ ናቸው የቀየሩት» አሉ። የከረሜላዎቹ ማሉ። ስብሰባው ፈረሰ።

ካፖው ሲኞር ፍላቪዮ መጣ፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም። «ታደለች! ካርዱን የነካ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ተራ ነው የደረደርሽው?»

«በዕድሜ።»

ሊስቅም ሊያለቅስም የፈለገ ይመስል ነበር። «በዕድሜ» አለ፤ ደግሞ፣ «በዕድሜ!» አለ። ከዚያ ከፎቁ አወረደኝ፤ ምድር ቤት፣ የቅርጫቶቹና የጓሮው ሥራ ላይ መደበኝ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በማግስቱ ማታ እራት ላይ ሜሮን ስልኳን ስታይ ቆየችና ድምፅዋ ተለወጠ። ሦስቱ ፓርቲዎች ታርቀዋል። ወጣቱን ለማባበል፣ ክብሩን ለመካስ፣ አንድ አንቀጽ ራሱ እንዲጽፍ ሰጥተውታል። «ዜግነት የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ በምዝገባው መካከል ክፍተት ካለበት፣» ብላ አነበበች፣ «ጥፋቱ የወላጅም ቢሆን፣ መብቱን ያጣል። የገባ ማመልከቻም በዚሁ ይታያል።»

የፓስታውን ሳህን ገፋ አደረግኩት።

«ኧረ እኛን አይነካንም፣ ማማ። እኛ ሁሉ ነገር አለን አላልሽኝም?»

ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ብያታለሁ። የሌለው ግን የፖንቴ ማሞሎው ነበር። ፔርሜሶዬ አልተቋረጠም፤ ሬዚዴንዛ ግን፣ የመኖሪያ ምዝገባችን ማለት ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የለም። ልጠይቅ ብሄድ «የት ነው የምትኖሪው?» ብለው ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ አልሄድኩም። ከዚያም በኋላ ስለ ክፍተቱ ለመጠየቅ ፈራሁ። ነገርኳት። ካርዶቹንም ነገርኳት።

ሜሮን አልጮኸችም። ቢያሻት ትጮህ ነበር፤ የሮም ልጅ ነች። ቀስ ብላ፣ «አንቺ ፈርተሽ እኔ ልባረር?» አለች። ከዚያ ሹካዋን አስቀምጣ መኝታ ክፍል ገባች።

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ እሱ ነው የከፋኝ።

ለአሱንታ ደወልኩ። ሁሉን ሰሙኝ። «አነሣሻቸው?» አሉ። «አነሣኋቸው።» «ካፖውን መጥራት አቃተሽ?» አሉ ደግሞ። ማልቀስ ጀመርኩ። «ለቅሶውን ተዪው። ነገ ጠዋት ደህናውን ልብስሽን ልበሺ፤ ኮሙኔ እንሄዳለን። ልጅቷንም አምጪያት፤ ብታኮርፍም አምጪያት።»

ሄድን። ሜሮን በአውቶቡሱ ጉዞ ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ነው ያየችው። በኮሙኔው የአገልግሎት መስኮት ያለችው ሠራተኛ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። አሱንታ «ከራስዎ ላይ ነው» አሏት፤ ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን። መዝገቡን አየች። «ሦስት ዓመት ጎድሏል» አለች።

«ይህች ልጅ ጥርሷ የወለቀው ሮም ነው!» አሉ አሱንታ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ።

«እኔ እዚህ አልተወለደችም አላልኩም፣ ሲኞራ። ዛሬ ባለው ሕግ ክፍተቱ በሌላ ወረቀት ይሞላል። ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር? ክትባት ወስዳለች? እነሱን አምጡ።»

«ይኸው ነው?» አልኩ።

«ይኸው ነው።»

ስንት ዓመት! ስንት ዓመት ያንን መስኮት በሩቅ እየሸሸሁ ኖርኩ! የክትባት ደብተሯ እጄ ላይ ነበር፣ ዕለቱኑ ሰጠኋት። ቀጥለን የፖንቴ ማሞሎው ትምህርት ቤት ሄድን። ጸሐፊው ከመደርደሪያ የድሮ መዝገብ አውርዶ በጣቱ ሲከተል ሲከተል፣ «ጎበዝ ተማሪ ነበረች እኮ። በሦስት ዓመት የቀረችው አራት ቀን ብቻ ነው» አለ። ቀኖቹን አነበበልን። የመጨረሻዋ ቀን ቤታችን የፈረሰባት ቀን ናት።

ሜሮን ያኔ ዞር ብላ አየችኝ። «በማግስቱ ግን ወስደሽኛል» አለች።

«ወስጄሻለሁ። ጫማሽን ከፍርስራሹ ውስጥ አውጥቼ።»

እጄን ያዘችኝ። ወረቀቱ በሳምንቱ ደረሰ፤ ሜሮንም አሥራ ስምንት ሞልቷት ስለነበር ኮሙኔ ገብታ ፈረመች። አሱንታ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ እኔ አንድ እርምጃ ከኋላ። ግን ገና ነው። ውሳኔው ጊዜ ይወስዳል፤ የሕጉ ድምፅ አሰጣጥ ደግሞ በመጪው ሐሙስ ነው፣ ወጣቱ የጻፈው አንቀጽ «የገባ ማመልከቻም» ይላል። ሠራተኛዋ ራሷ፣ «ሐሙስን ይለፍልን» ነው ያለችን።

ከሐሙሱ ጥቂት ቀን በፊት ጓሮው ላይ ቅርጫት እየገለበጥኩ ሳለሁ ሽማግሌው የከረሜላ ሰውዬ ብቅ አሉ። ከግድግዳው ተጠግተው ሲጋራ ለኮሱ። ሲያዩኝ ደነገጡ፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«አይንገሩብኝ፣ ሲኞራ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። አራተኛው ሕግ፦ አታናግሪያቸው።

«እርስዎ ነዎት ከጠረጴዛው ራስ ያስቀመጡኝ የሚሉኝ?» አሉ። ተይዣለሁ። «አዎ፣ ሲኞሬ። በአገራችን ታላቅ ነው ከላይ የሚቀመጥ።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «በኛም መንደር እንዲያ ነበር! አባቴ፣ ከዚያ አጎቴ፣ ከዚያ እኛ። አጎቴ አርጀንቲና ገብቶ ቀረ እንጂ። የልጅ ልጆቹ አሁን ወረቀት ጠይቀው መምጣት ይፈልጋሉ፤ ደም ነው መቼም፣ ደም ይጠራል።» በቴሌቪዥን እኔን ሂጂ የሚሉኝ ሰውዬ ናቸው። ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ፤ ሰው የሰጠውን እምቢ ማለት አላውቅበትም።

ቅርጫቴን አንሥቼ ልሄድ ነበር። ምላሴ ግን፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ሲኞሬ፣ የአጎትዎ የልጅ ልጆች ወረቀት ሁሉ ሙሉ ነው? አንድም ዓመት አልጎደለባቸውም?» አለ።

«እንዴት?»

«ያ አዲሱ አንቀጽ ክፍተት ያለበት ሁሉ ይቅር ስለሚል። ጥፋቱ የእናቱም ቢሆን ስለሚል። የኔ ልጅ ምዝገባዋ ላይ ሦስት ዓመት ጎድሎባታል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።»

አላስከፉኝም፣ አላጽናኑኝም። ሲጋራው ጣታቸው ላይ እስኪያልቅ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ረግጠው አጥፍተውት ገቡ። እኔም ቅርጫቱን ይዤ ምድር ቤት ወርጄ፣ ምን አደረግኩ፣ ምን አደረግኩ እያልኩ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ የምትሠራው ልጅ ታማ ቀረች። ሲኞር ፍላቪዮ ሌላ ሰው አጣ። «ፎቁ ላይ ውጪ» አለኝ፣ «ግን ካርድ ብትነኪ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

በሩን ከፈትኩ። አልገባሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

በባንዲራዎቹ ወገን ወንበሮቹ ወደ ኋላ ተገፍተው፣ አንዱ ወድቋል። የተገነጠሉት ወንበሮቻቸውን ወደ መስኮቱ ስበው፣ ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ነው ያመሹት። በከረሜላዎቹ ወገን ግን አምስቱም ወንበሮች፣ አንድም ሳይቀር፣ ገብተዋል። ጫፋቸው ከጠረጴዛው ጋር ልክ በልክ። የውሃ ጠርሙሶቻቸው አልተከፈቱም። አንዲት የከረሜላ ወረቀት የለችም።

ቁጭ አልኩ። ወለሉ ላይ። ከዚያ ተነሥቼ ጠረጴዛውን እንደዚያን ቀን አድርጌ ወልውዬው አላውቅም፤ መልኬን አየሁበት።

ቤት ስገባ፣ «ሜሮን፣ ሕጉ አያልፍም» አልኳት።

«ማማ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ነገር አልቋል ነው የሚለው። ሦስቱም መሪዎች አብረው ፎቶ ተነሥተዋል፣ ይኸው!»

«ፎቶው መቼ ነው?»

«ትናንት ቀን።»

«እኔ ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው። የከረሜላዎቹ ሄደዋል። አይመለሱም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ወንበራቸው።»

ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ትኩሳት አለብኝ ብላ።

ሐሙስ አሱንታም መጡ፤ ሦስታችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። ሽማግሌው ተነሡና፣ «ከባሕር ማዶ ባሉ ደሞቻችን ላይ በር በሚዘጋ አንቀጽ እጃችንን አናነሣም» አሉ። ወጣቱ «ከዳተኞች!» ብሎ ጮኸ። የባንዲራዎቹ አንቀጹን ለማውጣት ሞከሩ፤ የተገነጠሉት «እሱ ከወጣ እኛም ወጣን» አሉ። ድምፁ ተቆጠረ። ረቂቁ ሙሉ በሙሉ ወደቀ።

ሜሮን ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ። «ወንበር!» አለች። «ማማ፣ ወንበር!» ብላ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አሱንታ ደግሞ ቆመው፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት!» እያሉ ለቴሌቪዥኑ ይነግሩታል።

እኔ ነኝ ያፈረስኩት አልልም። ባሕር ማዶ ዘመድ የነበራቸው እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ጠበቆችም አማካሪዎችም ነበሯቸው። ያችን አንድ ጥያቄ ግን ጠይቄያለሁ። የጠየቅኩትም እኔ ነኝ፣ ታደለች፣ ከፖሊስ የምሸሸዋ።

ከወራት በኋላ የኮሙኔው ደብዳቤ መጣ። ሜሮን ደረጃው ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፤ የታችኛው ፎቅ የባንግላዴሽ ጎረቤቶቻችን በራቸውን ከፍተው አጨበጨቡ። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። አሱንታ በስልክ ሰምተው፣ «ምንድን ነው፣ አምቡላንስ ነው?» አሉ።

ከዚያ ምርጫ ደረሰ። አንድ ጠዋት የፖስታ ሣጥናችንን ብከፍት ሦስት ፖስታ። አንዱ ከባንዲራዎቹ፣ አንዱ ከከረሜላዎቹ፣ አንዱ ከተገነጠሉት። ለየብቻ፤ አሁንም አልታረቁም። ሦስቱም ላይ የልጄ ስም ከነአባቷ ስም፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ታትሟል። «ውድ ሜሮን» ይላሉ። «ድምፅሽ ያስፈልገናል» ይላሉ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ፊደል በፊደል፣ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። ቅርጫት ውስጥ አልነበሩማ።

የምርጫው ቀን ሰፈራችን ትምህርት ቤት ወሰድኳት። በሩ ላይ ያለው ሰው እኔንም የምርጫ ካርድ ጠየቀኝ።

«እኔ አልመርጥም። እናቷ ነኝ።»

«እንግዲያው እዚህ ይጠብቁ፣ ሲኞራ» አለኝ፤ ወንበር አመጣልኝ። አልተቀመጥኩም። ከመጋረጃው ሥር ጫማዋ ብቻ ይታየኛል። ብዙ ቆየች። ስትወጣ እርሳሱን መልሳ፣ ወረቀቷን አጥፋ፣ በራሷ እጅ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች።

«ማንን መረጥሽ?» አልኳት በሩን እንደወጣን።

«ምስጢር ነው፣ ማማ።»

«ለእናትሽ?»

«ለእናቴም። ሕግ ነው።»

እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።